«ተልባው ይቆይ፣ ባጃጅ ጥሩ!»

ዛሬ ባለቤቴ በራሱ እግር እየሄደ ከሆስፒታል ወጣ! አልሃምዱሊላህ!

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሱቅ ሊከፍት ሲል ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፤ ላብ በላብ ሆነ። አብራን የምትኖረው እህቱ «ጨጓራው ነው» ብላ ተልባ ልትበጠብጥለት ተነሣች። እኛ ቤት ደረቱን ላመመው ሁሉ ተልባ ነው፤ እኔም ስንቱን አጠጥቻለሁ።

«ግራ እጄም ዛለብኝ» ሲል ግን «ተልባው ይቆይ፣ ባጃጅ ጥሩ!» ብዬ ጮኽሁ።

እሱ እቴ፣ «ደንበኛ ይመጣብኛል» ይላል! ጎትቼ አሳፈርሁት። ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ሆስፒታል በረርን። ሐኪሞቹም ልቡ ላይ የረጋ ደም አግኝተው በመድኃኒት አሟሟቱለት።

ዛሬ ዶክተሯን «ልቡ ላይ የረጋው ደም እንዴት ሳይገድለው ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሲጋራ የሚያጨስና ስኳር ያለበት ሰው ላይ መርጋቱ ይከፋል፤ በቆየ ቁጥርም ለማሟሟት ያስቸግራል። እናንተ ግን ቶሎ መጣችሁ» አለችኝ።

የእኔው ሰውዬ ሁለቱም አለበት! የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሲጋራውን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

ቤት ስንገባ እህቱ ምን ይዛ ጠበቀችን? ተልባ! አሁንማ ከሐኪም ስለተመለሰ ይጠጣ ብያለሁ።

እናንተስ ቤት ደረት ሲያም መጀመሪያ የሚቀርበው ምንድን ነው? እስቲ አጫውቱኝ።