ጋሽ ተኽለን የካድኩበት ትራም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ሳይቀር ነግሬ ይህችን ግን ዋጥኳት።

ጋሽ ተኽለ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዱ ነው። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ሆላንድ አገር፣ ከሮተርዳም አጠገብ ባለችው ስኪዳም ከተማ ጎረቤቴ ነበሩ። ዘመድ ስላልነበራቸው እኔን «ልጄ» ይሉኝ ነበር። ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ እሑድ እሑድ የድሮ የእንጨት ትራም ይዞራል መባሉን ሰምተው፣ «እስቲ ውሰጂኝ፣ አነዳዱን ልየው» አሉኝ።

ወሰድኳቸው። የሹፌሩን የናስ እጀታ፣ ከጣሪያው የተዘረጋውን የደወል ገመድ እያሳዩ ሲያስረዱኝ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እኔ ግን ልቤ ሌላ ጋ ነበር። ከፊታችን የተቀመጡት ሁለት ሴቶች፣ ለሥራ ልምምድ የገባሁበት የአረጋውያን መጦሪያ አለቆቼ ነበሩ።

ሰፈሩን በሚያቋርጠው የውሃ ቦይ ዳር አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ብቅ አለ። ጋሽ ተኽለ ደጅ ሳይሳለሙ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የማን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነም አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ገመዱን ሳቡ። ትራሙ ፌርማታ በሌለበት ቆመ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ትኬት ቆራጩ መጥቶ ከማን ጋር እንደሆኑ ጠየቀ። እሳቸው እንድመልስላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። አለቆቼ ዞረው አዩኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩ፣ በደችኛ።

ቋንቋው ባይገባቸውም ፊቴ ነገራቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እወርዳለሁ» ብለው ወረዱ። ትራሙ ሄደ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ምን ፈርቼ ነው? ሥራውን እንዳልነፈግ? ማመካኛ ነው። አፈርኩባቸው። እኔ፣ ሽማግሌ ልጦር የምማረው ሴት፣ በሽማግሌ አፈርኩ።

ተመልሼ ብፈልጋቸው አጣኋቸው። መንገድ አያውቁ፣ ቋንቋ አያውቁ፣ ያውም በዝናብ። አመሻሽ ላይ በስብሰው በእግራቸው ገቡ። «ምሳ በላሽ?» አሉኝ።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ከተማውን ያሳየችኝ እሷ ናት፤ የጠፋሁት በራሴ ጥፋት ነው» ብለው ለሰው አወሩ። እናቶች መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። እንዴት አሜን አልኩ?

ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ከፊት አስቀመጡኝ። ሰው ሁሉ «አባትሽን ጦረሻል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ይህንንም ተቀበልኩ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሰው ከትራሙ ቀን በኋላ አራት ዓመት ከደጄ ፊት ለፊት ኖረዋል። በየቀኑ እንደምን አደሩ አልኳቸው፤ አጥፍቻለሁ አላልኳቸውም።