ሳይቆም ያደረው ቋሚ

በተራራዋ ደብር በአሸተን ማርያም ግርጌ ባለችው መንደር አጥር እንግዳው የሚባል የአንድ ገበሬ ሥራ ነበር። ሌላውም ሰው ያጥራል፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን የሌላው አጥር ተጋድሞ የእንግዳው ቆሞ ይገኛል። ምስጥ እንዳይደፍረው የቋሚውን እግር በእሳት ይለበልባል፤ ጉድጓዱን አንድ ክንድ ያወርድና በጠጠር እየጠቀጠቀ ይሞላዋል። ለችኩል ሰው እሺ አይልም። «ተጣድፎ ያጠረ ጅብ ጠራ» ይላል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ግን ራሱ ቸኮለ። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሁለት ልጆቹን ቀብሮበት አንዱን ልጁን ቢሆነኝን ብቻ አትርፎለታል። ቢሆነኝ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ የገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን ጽፎታል። የቤቱ ደጅ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነው። በጓሮ በኩል ወደ ገደሉ የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች፤ የጓሮው አጥር ግን ድፍን እሾህ ነው። እንግዳው በዚያ በር ሊያወጣ ቆረጠ። በደጅ ሲመጡ ልጁ በጓሮ ይወጣል፤ አለቀ።

ጥር ሃያ ቀን አባትና ልጅ አጥሩን ከፍተው ሁለት ጉድጓድ ጀመሩ። አንዱ የጥድ ቋሚ ቆመ። ሁለተኛው ጉድጓድ ቋጥኝ ወጣበትና በድጅኖ ሲፈነቅሉ ፀሐይ ጠለቀች። ክፍተቱን ጅብ እንዳይገባበት፣ አላፊ አግዳሚውም እንዳያየው፣ የግራር እሾህ ቆልለው ደፈኑት።

ማግስቱ አስተርዮ ማርያም ነው። ሚስቱ ይማርሽ በጠዋት አጠገቡ ቆመች።

«አንድ ቋሚ ነው የቀረዎ። ያቁሙት፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«በአስተርዮ አፈር ቆፍሬ አላውቅም» አላት። «ነገ ጎሕ ሲቀድ አቆመዋለሁ። አንድ ቀን ምን ያመጣል?»

አንድ ቀን የሚያመጣውን የማኅበሩ ሰዎች ያውቁ ነበር። በአስተርዮ ማንም ገበሬ እርሻ አይወርድም፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከቤቱ ይቀመጣል። እኩለ ቀን ላይ አራት ታጣቂዎች በደጅ መጡ። ቢሆነኝ በጓሮ ሮጠ። እንግዳው ተከትሎ ሲወጣ ልጁን እሾሁ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አገኘው፤ ጋቢው ተይዞ እጁ ደምቷል። ከእሾሁ አላቅቀው ያወጡት ታጣቂዎቹ ናቸው። አንደኛው የጎረቤት ልጅ ነበርና «አይዞህ» እያለ እሾሁን ነቀለለት። ቢሆነኝ አባቱን አየው፤ ይዘውት ሄዱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እንግዳው ሁለተኛውን ቋሚ አቆመ። መዝጊያውንም በጠፍር አስሮ ሰቀለው። ለማን እንደሚሰቅለው እሱም አያውቅም። ይማርሽ ከቤት ሆና የመጥረቢያውን ድምፅ ሰማች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አላነጋገረችውም።

ሳምንት ቆይቶ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ገብረ መስቀል ሄደ። ሁሉን ነገራቸው።

«ነፍስ ለማዳንማ እመቤታችን መቼ ትከለክላለች?» አሉት መምሬ። «ቤቴ ቅርብ ነው። ምነው አንድ ቃል ብትጠይቀኝ፣ ልጄ?»

መጠየቅ የሚባል ነገር በሐሳቡም አልመጣም ነበር። ቢቆጡት፣ ቢያወግዙት በተሻለው ነበር። የሃምሳ ዓመት ሰው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አለቀሰ።

ቤቱ ሲደርስ ይማርሽ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ምን አሉዎ?»

ፊቷን አየው። በአንድ ሳምንት አሮጊት ሆናለች።

«ቀኗን ማክበርህ ደግ ነው አሉኝ» አላት።

እሷም የእጅ ውሃ አመጣችለት፤ እራትም አቀረበችለት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ እህል ሳትቀምስ ወደ አሸተን ትወጣለች። ከቢሆነኝ ደብዳቤ መጥቶ አያውቅም። በመንገድ ያገኘችውን ሁሉ ግን «ቀኗን አክብረንላታል፤ ልጃችንን ትመልስልናለች» ትላለች። ሰዎቹም አሜን ይሏታል። እንግዳው ከኋላዋ ዳገቱን እየወጣ፣ እሱም አሜን ይላል።