እናቴ የሞረደችው መጥረቢያ

መጥረቢያው አሁን ያለው እኔ ዘንድ ነው። የወንድሞቼ ሚስቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ «እትዬ፣ ይኼን አሮጌ ብረት ለምን አይጥሉትም?» ይሉኛል። የእናንተን ምላስ ልቆርጥበት ነው እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። እጀታው ስንቴ ተቀያይሯል፤ ብረቱ ግን አያቴ ከሸዋ ተነሥቶ መቱ ሲገባ በትከሻው ተሸክሞት የመጣው ነው።

አያቴ የመጀመሪያ ቤቱን ምሰሶ ሲጠርብ እጁ ስቶ ድንጋይ መታበትና ስለቱ መሃል ላይ የስንዴ ፍሬ ያህል ተሸረፈ፤ ያችን ሽርፍ ጥርሱ እንላታለን። በሞረድ ሊያስተካክለው ይችል ነበር፤ አላስተካከለውም። ከዚያ ወዲያ በሚቆርጠው እንጨት ሁሉ ላይ ክር የመሰለች መስመር ትቀር ስለነበር፣ ግንዱን ሌባ ቢወስድበት በዚያች መስመር ይለየው ነበር አሉ። አባቴ መጥረቢያውን ሲወርስ ይህን ሕግ አደረገው። ስለቱ በድንጋይ ይሳላል እንጂ ሞረድ አይነካውም። እኛ ቤት ልጅ ቢወድቅ «አይዞህ» ይባላል፤ መጥረቢያው ሲወድቅ ግን ልምጭ ይቆረጣል። አባቴ ቤት ሠሪ ነበርና ሠፈሩ በሙሉ መጥረቢያውንም ጥርሱንም ያውቀዋል። በመጥረቢያው ነገር አባቴ ኃይለኛ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

ጣሊያን ጎሬን ይዞ መቱ ሲገባ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሸፈተ። ለጠየቀን ሁሉ ቡና ይዞ ጋምቤላ ወረደ እንል ነበር። ይህን አጎቴን ያሳደገችው እናቴ ናት። እሷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ እናቱ የሞተችበት ሕፃን ነበር፤ በእጇ እያጎረሰች ለሰው አደረሰችው። ከኛ አስበልጣ ትወደው ነበር፤ እኔም በዚህ እቀና ነበር።

አጎቴ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ መጥረቢያውን ከአባቴ ተዋሰና መለሰው። ወዲያው ከከተማው በታች ያለው የግንድ ድልድይ፣ ግንዶቹ አስቀድመው ተቆርጠው ኖሮ፣ ካሚዮን ይዞ ወንዝ ገባ። የተቆረጡት ግንዶች ጫፍ ላይ ያቺ መስመር ነበረች። የሠፈራችን የባንዳ አለቃ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የያዘ ሰው፣ መስመሯን ለጣሊያኑ ሹም አሳይቶ የማን መጥረቢያ እንደሆነ ነገረው፤ ሹሙ ግን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለ። መጥረቢያ ያለው ሁሉ ይዞ ገበያው ላይ እንዲቀርብ፣ በየተራም አንድ ግንድ ላይ ቆርጦ እንዲያሳይ ታዘዘ።

እናቴ አባቴን እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ይሞርዱት፤ ልጁን ያስገድሉታል፣ እርስዎም ይሰቀላሉ» አለችው። አባቴ ግን «የአባቴን ስለት አልነካም፣ ከነጥርሱ ይዤው እቀርባለሁ» አለ። ይህንን ሰዎች ጀግንነት ይሉታል። እኔ እልህ ነው የምለው። አባቴ እልሁን ከወንድሙም፣ ከሚስቱም፣ ከእኛም አስበልጦ ይወድ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እናቴ ከቀጥቃጩ ሞረድ ተውሳ ስለቱን እስኪስተካከል ሞረደችው። ጥርሱ ጠፋ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀመጠችለት። አባቴ ሳይፈታው ተሸክሞ ሄደ።

ገበያው ላይ ተራው ደረሰና ጨርቁን ፈቶ ቆረጠ። ግንዱ ላይ ምንም መስመር አልወጣም። የሚበቃን ያ ነበር። የባንዳው አለቃ ግን ተጠግቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ጥርሱ የት ሄደ ብሎ ጠየቀው። ያን ጊዜ ነው አባቴ መጥረቢያውን ያየው። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ሞረድኩት» ቢል፣ ቤት ሠሪ ስለቱን ሞረደ ተብሎ ያልፍ ነበር። ያ ሕዝብ ሁሉ እያየው የአባቱን ስለት የነካ ሰው መባልን ግን አልቻለም።

«እኔ አልነካሁትም። የአባቴን ስለት አልሞርድም» አለ።

ጣሊያኑ በአስተርጓሚ ታዲያ ማን ነው አለ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። መጥረቢያው ከእንጨት ክምሩ ላይ ተሰርቆ መሰንበቱን፣ ሌባው መልሶ ሲጥለው ስለቱ ጨርሶ ተበልቶ ማግኘቷን፣ ባሏ ያየ እንደሆነ ይገድለኛል ብላ መሞረዷን ቀስ ብላ ተናገረች። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት እንደመጣላት አላውቅም። ጣሊያኑ ያመናት መሰለ። የባንዳው አለቃ ግን ሳቀ። «ይህን ሰውዬ እኛ እናውቀዋለን፣ ነገሩ እውነት ከሆነ አሁኑኑ ይገርፋታል፣ ካልገረፋት ግን ተማክረው ነው» አለና አለንጋውን ለአባቴ ሰጠው።

አባቴ ገረፋት። ቀለል አድርጎ ቢመታ አጎቴ ይፈለጋል፣ እሱም ይሰቀላል፤ ይህን ሁላችንም አውቀናል። እናቴም አውቃ ነው የተንበረከከችው። ግን እኔ የአባቴን ፊት አይቻለሁ። የማስመሰል ፊት አልነበረም። የሚገርፈው መጥረቢያዬን ነካሽብኝ ብሎ ነበር፤ አለቃው ይበቃል ካለው በኋላም እጁ አልቆመም። ቀሚሷ ተቀደደ፣ ደሟ ወረደ፣ እሷም አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት፤ እስከ ዛሬም መልሼ ልወድደው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ነገሩ ታመነ። ጣሊያኑ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ወንዙ ዳር ያሉትን ጎጆዎች አቃጠለ። እናቴ በሆዷ ተኝታ ከረመች። ጎረቤታችን ኦሮሞዋ ሴትዮ በየቀኑ እየመጣች ቁስሏን ቅቤ ስትቀባ «ኦብሲ፣ ኦብሲ» ትላት ነበር፤ ቻይው ማለቷ ነው። አባቴ ወደዚያ ክፍል አልገባም። ስለቱን ግን ብርሃን ላይ ይዞ ሲያገላብጠው አይቻለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ አጎቴ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ጠመንጃ ይዞ ከነጓደኞቹ ተመለሰ። በግ ታረደ፣ ጠጅ ተጣለ። ፎከረ፣ ስለ ድልድዩ አወራ። ስለ ግርፋቱ መስማቱን ለእናቴ ነገራትና ለአገር ነው አላት። ከዚያም ወደ አባቴ ዞሮ፣ ከአባታችን ውርስ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ያ መጥረቢያ ድርሻዬ ነው አለ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንዲህ ያለው ነው።

እናቴ ጠጅ የምትቀዳበትን ብርሌ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ጣለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች። ጀርባዋ ሁሉ ጠባሳ ነበር።

«ድርሻህን ከዚህ ላይ ውሰድ» አለችው።

አጎቴ አንገቱን ደፋ። አባቴ ግን ከመቀመጫው ሳይነሣ «ሸፍኚው፣ ሰው አለ» አላት።

እናቴ ሸፈነችው፤ ብርሌዋንም አንሥታ ለሁሉም ቀዳች። መጥረቢያውን ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። ለአባቴ ምግቡን አቀረበችለት፣ እግሩን አጠበችው፣ ሲታመም አስታመመችው፤ እስኪሞት ድረስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም። እራት ሲደርስ ወደ እኔ ዞራ «አባትሽን ቀርቧል በያቸው» ትለኝ ነበር፣ እሱ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ።