«እናትሽ ደህና ናት» ተብዬ ለቅሶ የተቀመጥሁበት ሳምንት

ከሩቅ አገር «ደህና ናት» የሚል መልእክት ሲመጣለት ሰው ደስ ይለዋል። እኔ ግን ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ልቤ ድው ይላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ እኛም ኋላ ስቀንበታል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ በሠፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። አገሬ ወረኢሉ ነው፤ ደጋ፣ የገብስ አገር። ከመጠለያ ጣቢያ በቀጥታ መኪና ላይ ስለጫኑን እናቴን አልተሰናበትኋትም። እሷ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚያው ወረኢሉ ቀረች። እኔና ባሌ ሀሰን፣ ሣሩ ሰው የሚውጥ ቆላ ውስጥ፣ ስም በሌለው በቁጥር በሚጠራ መንደር ገባን።

መንግሥት ቤት ሰጠን፣ መሬት ሰጠን፣ ትራክተር አሳየን። ያልሰጠን የመሄጃ ፈቃድ ብቻ ነው። ያለ ይለፍ ወረቀት ከአሶሳ ንቅንቅ የለም። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሆነ። ቀን በወል እርሻ ላይ እረሳዋለሁ፤ ቤት ስገባ ግን ሐሳቡ ከበር ላይ ይቀበለኛል።

በዚህ መሐል የመንደራችን ሰው አያ ይመር አዲስ አበባ ለስብሰባ ተመረጠ። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረንም፤ እሱም አያውቅ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሾልኮ ወረኢሉ ደርሶ እንደሚመለስ ግን መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያላወቀው ካድሬው ብቻ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ መልእክቱን ጫነበት፤ መልእክት ክብደት ቢኖረው ኖሮ የይመር ወገብ ይቆረጥ ነበር። እኔም «እናቴን አግኝልኝ፣ ደህና ናት በላት» አልሁት።

ክረምት ገብቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ይመር ተመለሰ። በየቤቱ እየገባ የየሰዉን መልእክት አደረሰ። ጎረቤቶቼ ቤት ቁጭ ብሎ በላ፣ ጠጣ፣ ስለ ሠርጉም ስለ ጥጃውም አወራ። እኔ ቤት ሲደርስ ግን ከበሩ ላይ ቆመ።

«እናትሽ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች» አለኝ። ዓይኑ እግሩን ያያል።

«ግባ እንጅ አያ። ምን አለች?»

«ደህና ናት። አብሽሪ።»

«ምንም አልሰጠችህም?»

ይሄኔ ክው አለ። «ምንም! ምን ትሰጠኛለች? ምንም!» ብሎ ዞሮ ሄደ።

እንግዲህ የኛን አገር ወግ ታውቃላችሁ። ለሩቅ ሰው ሞት አይላክበትም፤ ነውር ነው። «ትንሽ አሟታል» ከተባለ በጠና ታማለች። «ታማለች» ከተባለ አልቆላታል። «ደህና ናት፣ አብሽሪ» ብሎ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ካየ ደግሞ የሚቀረው ለቅሶው ብቻ ነው። በዚያ ላይ እናቴ በሕይወት እያለች ከቤቷ ባዶ እጁን የሚወጣ መንገደኛ የለም። ለሀሰን «እናቴ ሞታለች» አልሁት።

ሀሰን ወደ አያ እንድሪስ ሮጠ። አያ እንድሪስ የቅሬያችን ዳኛ ነበር። ቅሬ በኛ አገር የቀብርና የለቅሶ ማኅበር ነው፤ አሶሳ ገብተን ቤታችንን ሳር ሳናለብስ ነው ቅሬ ያቋቋምነው። አያ እንድሪስ ይመርን ጠርቶ ጠየቀው። ይመር «ወላሂ ደህና ናት» አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ ደግሞ ማለ። በሦስተኛው መሐላ ላይ አያ እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ የሚምል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» አለ። «ጨዋ ነው ይመር። መርዶ እንዲህ ነው የሚያዘው።»

ሽማግሌው አልተሳሳተም፤ ይመር የሚደብቀው ነገር ነበረው። የተሳሳተው ምን እንደሚደብቅ ላይ ነው።

የቅሬው ሰዎች ጎህ ሲቀድ መጡ። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀመጡ፣ እንዳልወድቅ ነው። የደጁን ግርግር ስሰማ፣ ከጎረቤት ቤት ንፍሮ ሲቀቀል ሲሸተኝ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት እኔ ጮህሁ። ሳልሰናበታት ሞተች የሚለው ነው ያረደኝ። እናቱን በርሃብ አገር ጥሎ የሄደ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? «እናቴ» ማለት እንኳ አፈርሁ።

ለቅሶው ደመቀ። ሙሾ አውራጇ እናቴን ባይኗ አይታት የማታውቅ፣ የሌላ ወረዳ ሰው ናት። «አንደበተ ማሯ» አለች። «ቁጣ የማታውቀው፣ ክፉ ቃል የማይወጣት» አለች። የኔ እናት ግን ገበያ ስትወጣ ነጋዴው መንገድ የሚለቅላት ሴት ነበረች፤ ከፍቅር የተነሳ አይደለም። እንባዬ እየወረደ «ኧረ እሷ አይደለችም» ልል ከጀለኝና ነውር ሆነብኝ። በሙሾ ላይ እርማት አይሰጥም።

ካድሬውም መጣ። ሟች በቦታው ስለሌለች ቀብር የለም፣ ቀብር ከሌለ የሥራ ቀን አይቃጠልም አለ። ሽማግሌዎቹ ቢለምኑት ለቅሶ ደራሹ ግማሽ ግማሽ ቀን እንዲቀመጥ ፈቀደ።

ይመር ለቅሶውን አልቀረም። አንድ ጥግ ተቀምጦ ንፍሮውን እንኳ ሳይቀምስ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ሰው ሁሉ «ሐዘኑ በረታበት፣ መርዶ መያዝ ቀላል መሰላችሁ?» ይላል። እሱ «ደህና ናት» ለማለት ሲሞክር ሰው ትከሻውን መታ መታ ያደርግና «አውቀናል፣ አላህ ይስጥህ» ይለዋል።

በሦስተኛው ቀን አጣሂር መጣ። አጣሂር የበርታ ሰው ነው፣ የአካባቢው ተወላጅ፤ ማንጎ ይሸጣል፣ ከሀሰን ጋር ወዳጆች ነበሩ፤ አማርኛው ግን ሴትና ወንድ አይለይም። ለቅሶውን የሰማው ዘግይቶ ነው። አንድ ቅርጫት ማንጎ ይዞ መጥቶ ከወንዶቹ መሐል ተቀመጠ። ዱዓ አደረገና ሀሰንን ጠየቀው።

«ማን ነገረ?»

«ይመር።»

«ይመር ምን አለ?»

«ደህና ናት አለ።»

አጣሂር ዙሪያውን አየ። «ደህና ነው አለ? ታዲያ ይሄ ሰው ሁሉ ለምን ያለቅሳል?»

ሰዉ በለቅሶ ቤት ሳቁን ዋጠ። አያ እንድሪስ በትዕግሥት «የኛ ባህል ነው አጣሂር፤ ለእንግዳ ይከብዳል» አለው። በአገሩ እንግዳ የተባለው አጣሂር አልተቀየመም። «በኛ፣ ሞተ ከሆነ ሞተ ይላል። ደህና ከሆነ ደህና ይላል። ወላሂ ቀላል ነው» አለና ወደ ይመር ዞረ። «አንተ፣ በዓይን አየ?»

«አየኋት።»

«እናት ይናገራል?»

ይህን ጥያቄ ከኛ አንድ ሰው አልጠየቀውም ነበር። ወጉ አይፈቅድም። ይመር ቀና አለ። «እሷ? ትናገራለች ወይ ነው የምትለኝ?» አለ። ከዚያ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ፈነዳ። «ጭኮውን በላሁት! አማና በላሁ፣ አደራ በላሁ ጀማዓ! የእናቷን ጭኮ በላሁት!»

እናቴ በዚያ ዓመት ካገኘቻት ጥቂት ገብስ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ አንድ አገልግል ጭኮ ልካልኝ ኖሯል። በመመለሻው መንዲ ከተማ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ሁለት ሌሊት አደሩ። ይመር መጀመሪያ የቀመሰው ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ነው። ቀጥሎ ለሚያለቅስ ሕፃን ሰጠ። ከዚያ ለሕፃኑ እናት። ከዚያ ሹፌሩም ሰው ነውና ለሱም። አሶሳ ሲደርስ የቀረው የቅቤው ሽታ ነው። አገልግሉን አልጋው ሥር ደብቆት ነበር፤ ሮጦ ሄዶ አመጣው።

እኔ ግን ወዲያው አላመንሁም። አያ እንድሪስም አላመነም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ያ ሁሉ ለቅሶ በጥርጣሬ የመጣ መሆኑን ረስቶ። ጭኮውን ሠርታ ሰጥታው ኋላ ሞታ ቢሆንስ? ወይም ይመር አዝኖልኝ የፈጠረው ማጽናኛ ቢሆንስ? ተነስቼ ፊቱ ቆምሁ።

«ያለችህን ንገረኝ» አልሁት። «እንዳለችው። አንድም ቃል እንዳታሳምር።»

«በለቅሶ ቤት አይባልም እቴ፣ ነውር ነው…»

«ተናገር!»

ይመር ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። «ደህና ናት ስላት፣ ‹ደህና ናት የሚባለው የሞተ ሰው ነው! ሞታ እንደሆነ ራሷ መጥታ ትንገረኝ!› አለች። ‹ካለች ደግሞ ወንፊቴን ትመልስ! ዱቄት በነጠላዬ ልንፋ? በርሃብ ዘመን ወንፊት ይዛ የምትሰደድ ጅል ከኔ ማኅፀን አልወጣችም፣ ባባቷ በኩል ነው!› አለች። ሌላም አለች። ሌላውን ግን ብገደልም አልናገር።»

ወንፊቱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእናቴ መሆኑን ሀሰን እንኳ አያውቅም። የምንነፋው ዱቄት ሳይኖር ለምን ይዤው እንደወጣሁ እኔም አላውቅም፤ እጄ ላይ ነበር፣ ጫኑኝ፣ አብሮኝ ሄደ። ይህን ደግሞ እንዲህ አድርጎ የሚናገር በዓለም ላይ አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው።

እልል አልሁ። ሙሾ አውራጇ ያበድሁ መስሏት ያዘችኝ። እኔ ግን እየሳቅሁ «ድገመው አያ፣ ባባቷ በኩል ያለችውን ድገመው» እላለሁ። ይመርም አማናው ቀለለለትና ብገደል አልናገር ያለውን ሁሉ ጨመረልኝ። ለሦስት ቀን ያልቀመሰውን ንፍሮ ያን ዕለት ቁጭ ብሎ ጨረሰው።

ካድሬው ሟቿ አለመሞቷን ሲሰማ ይባስ ተናደደ። ሞታ ቢሆን ግማሽ ቀኑ የተፈቀደ ነበር፤ ላልሞተ ሰው ማልቀስ ግን ሥራ መፍታት ነው ብሎ የቀረንበትን እርሻ በዕረፍት ቀናችን አስከፈለን። አጣሂር ያመጣውን ማንጎ እየላጠ «እናንተ አገር ከባድ ነው» ይል ነበር፣ የተቀመጥነው በሱ አገር ሆነን።

ከዚያ በኋላ እኔና እናቴ ደህንነታችንን በስድብ መላላክ ጀመርን። መንገደኛ በተገኘ ቁጥር «ሰላም በላት» ማለት ቀረ። እኔ «ያቺ ነገረኛ ጥርሷ ረገፈ ወይ?» ብዬ እልካለሁ፤ እሷ «የሷን ባል ለመንከስ የሚበቃ አለኝ» ብላ ትመልሳለች። መልእክተኞቻችን አፍረው ያልቁ ነበር። እኔ ግን ስድቡ ሲደርሰኝ ያን ዕለት እንቅልፌ ይጥማል።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት ሄጄ አየኋት። ወንፊቱን መለስሁላት። አዲስ ገዝታ ኖሮ «አሁን ምን ሊያደርግልኝ?» ብላ ተቆጣች። አንድ ሳምንት ስትቆጣ ሰነበተችና ስትሸኘኝ አለቀሰች። እኔም የልጆች እናት ነኝና ተመልሼ አሶሳ ገባሁ።

ከዚያ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ያገሬ ነጋዴ ከወንድሜ ተልኮ መጣ። ገብቶ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን በላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ተጫወተ። እንደ ይመር አልሆነም።

«እናትሽ መርቃሻለች» አለኝ። «ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ የዘራሽውን ያብቅልልሽ፣ እኔን እንዳስደሰትሽኝ አላህ ያስደስትሽ ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«አልተሳደበችም?»

«ኧረ በፍጹም! ስላንች በጎ በጎውን ብቻ ነው ያወራችው።»

ተነሳሁና ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስሁ። ሰውየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አንተ» አልሁት።

ቅሬው ወጣልኝ። አንዳንዱ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይወጣል ወይ ብሎ ነበር፤ አያ እንድሪስ «ያኔ ያለቀስነው ለጭኮው ነው» ብሎ ዘጋው።

አሁን አርጅቻለሁ። ስልክ አለ፤ ልጆቼ በየቀኑ ይደውላሉ፣ ደህና ነን ይላሉ፣ ደህናም ናቸው። ሰው ሁሉ ያከብረኛል፣ እማማ ይለኛል፣ ስሳሳት እንኳ ልክ ነሽ ይለኛል። አንድ ቀን አንድ ሰው ተነስቶ «አንች ጅል!» ቢለኝ እመርቀው ነበር። እንደዚያ ሊቆጣኝ የሚችል ሰው ግን ከእንግዲህ የለኝም።