እበት የተለቀለቀው ድልድይ

በደርግ ዘመን ጎንደር ከተማ ድንጋይ እየመረመርኩ እንጀራዬን እበላ ነበር። እናቴ ሥራዬ አልዋጥላት ብሎ፣ «ሴት ልጅ ተምራ ተምራ ድንጋይ ትዳብስ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ያቺ ሣጥን መሥሪያ ቤታችን ከመጣች ወዲህ ከመደነቅ አልወጣሁም። ሬዲዮ ታክላለች፤ ሁለት ጫፎች አሏት። አንዱ ጫፍ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፣ ሌላው ከድንጋዩ ወዲያ ይቀበላል፤ የፈጀበትን ጊዜ ሣጥኗ በቁጥር ታሳያለች። ድምፁ ከፈጠነ ድንጋዩ ድፍን ነው፤ ከዘገየ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይም ፈርሷል። ከክብደቱ ጋር ሲገናዘብ ጥንካሬው ይገመታል፤ ያውም አንድ ድንጋይ ሳይሰበር! ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ከጠዳ ወደ እንፍራንዝ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የነገሥታት ዘመን ነው የሚባል የድንጋይ ድልድይ ነበር። እህል የጫኑ መኪናዎች ይለፉበት ተባለ። አለቃዬ ድልድዩን ከተሸከመው ቅስት ድንጋይ ፈልቅቀን በመጭመቂያ መኪና ሰብረን ጥንካሬውን እንየው አለ። እንደዚያ ከሆነ ድልድዩ ክረምቱን ሙሉ ሊዘጋ ነው። መጀመሪያ በሣጥኗ ልሞክር ብዬ ለመንኩት።

«ቁጥሩ ካላማረ ግን ይፈለቀቃል፣ ጓድ» አለኝ።

ስደርስ የድልድዩ ጎን ሁሉ ልስልስ ብሎ ጠበቀኝ። ለአየር ክፍተት እንዳይኖር ጫፎቹን ግራሶ ቀብቼ ገጠምኩ። ድምፁ ተንቀራፎ አለፈ። ሌላ ድንጋይ ሞከርኩ፤ የባሰ ሆነ። ከዳር የወደቀ አንድ ድንጋይ ቀድሜ በደረቁም በውኃ ውስጥም መዝኜው ነበር፤ እምቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ እንዴት ድምፅ ያዘገያል? በዚህ ቁጥር መፈልቀቁ ነው።

ጫፉን ሳነሳ ቅርፊት ተከትሎት መጣ። አሸተትኩት። እበት ነው!

«ይሄን ማን ነው የለቀለቀው?» ብዬ ከኋላዬ ወደቆሙት የሰፈሩ ሴቶች ጮኽኩ።

እናቴን የሚያህሉ ሴት ወጣ አሉ። «ምነው ልጄ? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የመንግሥት እንግዳ ይመጣል አለን። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይለቀለቅም?»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ልል ነበር፤ ሳቅ ቀደመኝ። እበቱ ድምፁን እያፈነ ደህናውን ድንጋይ በሽተኛ እንዳስመሰለው ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ድንጋዩ ሊፈለቀቅ ነው ሲሉ ሰምተን፣ ሸጋ ሆኖ ካዩት አይነኩትም ብለን እኮ ነው» አሉኝ። «ልጄ ማዶ ነው የተዳረችው። ክረምት ላይ ትወልዳለች፤ የበኩሯ ነው። ወንዙ ሲሞላ ከዚህ ሌላ መሻገሪያ የለንም።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው ውኃ እየቀዱ ፈተጉት። ድንጋዩ ጥቁር ሆኖ ብቅ አለ። ግራሶዬን ቀብቼ ጫፎቹን እንደገና ገጠምኩ። ድምፁ በቅጽበት አለፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ የቅስቱ አናት ላይ ያለውም እንደዚያው። ስንት ክረምት ጎርፍ ሲገፋው፣ ስንት ዘመን ሰውና ከብት ሲረግጠው ኖሮ ውስጡ አልተነካም! የጠረበውን ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ሰዓት ባገኘው ግን እግሩን እስም ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ሴትዮዋ በቀስታ።

«ጤነኛ ነው፣ እማማ። አይፈለቀቅም፤ አይዘጋምም።»

አላመሰገኑኝም፤ እጃቸው እበት እንደነካ ድልድዩ መሀል ድረስ ሮጡና ማዶ ወዳለው ቤት ተጣሩ።

«አንቺ ልጅ! ክረምት እኔው ነኝ የማዋልድሽ!»