ከማን ወገን መጣ?

የልብስ ሰፊዋ ጭኖች መድከም የጀመሩት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ። እሷ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። ፔዳሉን ከወለል አስነሥታ ጠረጴዛው ላይ አስተከለችና በክርኗ እየተጫነች መስፋቷን ቀጠለች። ደንበኞቿ «የክርን ስፌት» እያሉ ሲቀልዱባት ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷው ናት።

ሳቋን የሚያጠፋው የእናቷና የአክስቷ ነገር ብቻ ነበር። አክስቷ የሟች አባቷ ታላቅ እህት ናት፤ መቀስ አያያዝ ያስተማረቻትም እሷ። ሐኪም «ይህ ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ በዘር የሚመጣ ነው» ካለበት ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ዓይንና ናጫ ሆኑ።

«ከነሱ ወገን ነው። አጎታቸው ያነክስ አልነበር?» ትላለች እናቷ።

«አጎታችን ከጣሪያ ወድቆ ነው። ይልቅ የሷ አያት ከወንበር የማይነሱት ለምን ነበር?» ትላለች አክስቷ።

ሟቾቹ እንኳ በሰላም ማረፍ ተከለከሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዷ ባለችበት ሌላዋ ድርሽ አትልም።

ዘንድሮ ልብስ ሰፊዋ ልታገባ ሆነ። «ሁለታችሁም ካልተገኛችሁ ሠርግ የሚባል ነገር የለም» ብትላቸው ሁለቱም አሻፈረኝ አሉ። ሐኪሟ የዘረመል ምርመራ እንደሚቻል ስትናገር ግን ደም ለመስጠት ተሽቀዳደሙ። አንዷ ሌላዋን ልትረታ ነዋ።

ውጤቱ በደረሰበት ቀን እናቷ ወደ መስኮቱ፣ አክስቷ ወደ በሩ ዞረው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ የተረታችው ሠርጉ ላይ ዝር እንደማትል ታውቃለች።

«ሰውነታችን ጡንቻን የሚሠራው በንድፍ ነው» አለች ሐኪሟ። «አንዱን ንድፍ ከአባት፣ አንዱን ከእናት እንወርሳለን። በአንዱ ላይ ስሕተት ቢኖር ሌላው ይሸፍነዋል፤ ሰውየው ምንም ሳያውቅ ያረጃል። የልጃችሁ ግን ሁለቱም ስሕተት አለባቸው። አንዱ ከእርስዎ ነው» አለቻት እናቷን። ወደ አክስቷ ዞረችና፣ «ሌላው እርስዎም ላይ አለ። ወንድምዎ የሰጧት እሱን ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አትታመምም ነበር።»

ቀድማ ያለቀሰችው አክስቷ ናት።

«ለወንድሜ አንቺን የመረጥኩለት እኔ ነኝ እኮ» አለች ለእናቷ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ የኔ ነው። የወለድኳት እኔ።»

«የኔ ነው አልኩሽ!»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲሄድ ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት።

«አሁን ደግሞ በዚህ ልትጣሉ ነው? አክስቴ፣ እማዬን ባትመርጪለት እኔ የት እገኝ ነበር?»

ሁለቱም አፈጠጡባት። ይህን አንዳቸውም አስበውት አያውቁም። ከዚያ አክስቷ ሳቀች፣ እናቷ ተከተለች፤ እንባና ሳቅ ተደባለቀ። ሐኪሟ እንደነሱ ደም የሰጠው ሙሽራ ላይ ያ ስሕተት እንዳልተገኘና ለልጆቻቸው እንደማያሰጋ ለመናገር ሁለት ጊዜ ብትሞክርም የሚሰማት አላገኘችም፤ ሦስተኛው ላይ ተሳካላት።

ሊሄዱ ሲሉ እናቷ ቀኝ ብብቷን፣ አክስቷ ግራዋን ያዙ።

«ቀስ፣ እትዬ፣ እኩል እናንሳት» አለች እናቷ።

ልብስ ሰፊዋም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም እጅ ተነሣች።