የልብስ ሰፊው ቀጠሮ

ልብስ ሰፊው እጁ ወርቅ ነበር፤ ቀጠሮው ግን ለጠላትም አይስጥ። «ሐሙስ ውሰድ» ያለው ሱሪ በዚያው ሐሙስ ደርሶ አያውቅም። ደንበኞቹ «ጋሽ ሐሙስ» እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቃል። ሚስቱም ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ትስቃለች።

አንድ ቀን ጨርቅ ሲቆርጥ ቀና ብላ ብታየው ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ገላውን ሲያሳክከው፣ ጎኑን ሲወጋው ሰንብቶ ኖሯል ለካ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ከሐሞት ከረጢቱ የወረደ ጠጠር የሐሞቱን መውረጃ ዘግቶታል ተባለ። ሚስቱ ሆዱ ሊቀደድ ነው ብላ ፈራች። ወጣቱ ሐኪም ግን ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በአፉ አስገብቶ፣ የተጠራቀመውን መግል አፈሰሰለትና ሐሞቱ እንዲወርድ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አኖረለት።

ሲወጡ ሐኪሙ፣ «አባባ፣ ቱቦዋ ለጊዜው ናት። ልክ በሦስት ወር ይምጡ፤ ጠጠሩንም እሷንም እናወጣለን። ከቆየች ትደፈናለች» አለው።

«ሦስት ወር ካለ አምስት ነው» አላት መንገድ ላይ። «ቀን የሚቆርጥ ሰው ለራሱ ትርፍ ሳይዝ አይቆርጥም። እኔን አታውቂኝም?»

ያን ጊዜም ሳቀች። ዛሬ አንጀቷን የሚበላት ይኸው ሳቋ ነው።

ሦስተኛው ወር ደረሰ። የተማሪ ዩኒፎርም ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሂድ እንጂ» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ይኸው እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ምን ጎደለኝ?»

እውነትም ፊቱ ሞልቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ ነበር። ደግማ ነገረችው፤ ከዚያ እሷም ተወችው።

በአምስተኛው ወር የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ብርድ ብርድ አለው፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ዓይኑ እንደገና ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ያንኑ መሣሪያ አስገብቶ የተደፈነውን ቱቦ አወጣ፤ መግሉም ወረደ። ግን መርዙ ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ምነው እስካሁን ቆያችሁ፣ እናቴ?» አላት ከክፍሉ ወጥቶ። ቀጠሮህ እንደኛ ቀጠሮ መስሎን ነው አይባል።

ስትገባ ባሏ እጇን ፈለገ። «ሐኪሙ ልጅ ለካ እውነቱን ኖሯል» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ዝም በል፣ አትድከም። በሚቀጥለው ሳምንት ቤታችን እንገባለን።»

ዕድሜውን ሙሉ የማንንም ቀን ያላመነ ሰው የእሷን አመነ። «እሺ» ብሏት ዓይኑን ጨፈነ። በማግስቱ ሞተ።